ላንድክሩዘሬን ድሬዳዋ ላይ በራሴ እጅ ስንከባከብ

ኪሎ ሜትር ቆጥሮ ዘይት መቀየር አስፋልት ላይ ለሚውል መኪና ይበቃል። ከድሬዳዋ ወደ ሽንሌና ወደ ኤረር ለሚመላለስ ላንድክሩዘር ግን አቧራውና ውሃውም አብረው መቆጠር አለባቸው። ባለ 4.2 ሊትር የናፍጣ ሞተር አሮጌ መኪናዬን ራሴ መንከባከብ የጀመርኩት ወጪ ለመቀነስ ነበር። አሁን የምቀጥለው ከሥሩ ተኝቶ ያላየው ሰው መኪናውን አያውቀውም ብዬ ስለማምን ነው።

ሥራውን የምጀምረው ፀሐይዋ ሳትበረታ፣ በኒም ዛፍ ጥላ ሥር ነው። የአየር ፊልትሮው ከሁሉ ይቀድማል። ኮምፕሬሶር የሚነፋው ከውስጥ ወደ ውጭ ነው፤ ከውጭ ከተነፋ አቧራው ወረቀቱ ውስጥ ይሰነቀራል። ግፊቱ ከበዛም ወረቀቱን ይቀደዋል። ስለዚህ ከነፋሁ በኋላ የእጅ ባትሪ ውስጡ አብርቼ ዙሪያውን አያለሁ። ብርሃን በቀዳዳ ካሳለፈ ሳላመነታ እጥለዋለሁ፤ በድሬዳዋ አቧራ የተቀደደ ፊልትሮ ማባበል ሞተር ማስበላት ነው።

ብዙ የተማርኩት የሞተሩን ኃይል ወደ ግራና ቀኝ ጎማ ከሚያከፋፍለው ማርሽ፣ ከዲፈረንሻሉ ነው። ዝናብ ሲመጣ ደረቁ የአሸዋ ወንዝ ድንገት ይሞላል። በጉዞ የጋለው አክሰል፣ ማለትም ዲፈረንሻሉን ይዞ ሁለቱን ጎማ የሚያገናኘው ብረት፣ ቀዝቃዛ ውሃ ውስጥ ሲገባ በውስጡ ያለው አየር ይኮማተርና ከውጭ መሳብ ይጀምራል። መተንፈሻው ክፍት ከሆነ የሚገባው አየር ነው፤ በጭቃ ከተደፈነ ግን በዘይት መከላከያው ጎማ በኩል ውሃ ይሰርጋል። መተንፈሻው አክሰሉ አናት ላይ ያለች ትንሽ ክዳን ናት። በጣት ስትነካ ካልተንቀሳቀሰች በናፍጣ አጥባታለሁ። ወንዝ ከተሻገርኩ በኋላ ዘይቱን አያለሁ፤ ማኪያቶ ከመሰለ ኪሎ ሜትሩ ስንትም ይሁን ይቀየራል።

ሲቀየር ታዲያ መጀመሪያ የሚፈታው የላይኛው፣ የመሙያው ቡለን ነው። ይህን ያስተማሩኝ አንድ አንጋፋ መካኒክ ናቸው። ዘይቱ ከፈሰሰ በኋላ የመሙያው ቡለን ዝጎ እምቢ ቢል መኪናው ባዶ ዲፈረንሻል ይዞ እዚያው ይቀራል። የመሙያውም የማፍሰሻውም ቡለን በ24 ቁልፍ ይፈታሉ፤ ዳርቻው የተበላ ቁልፍ ግን አይሞከርም።

ኃይል ወደ ዲፈረንሻሉ የሚያደርሰው ዘንግ ላይ ያሉትን የመስቀል ቅርጽ መጋጠሚያዎች፣ ክሮቼራዎቹን፣ ግራሶ ከመምታቴ በፊት አፋቸውን በጨርቅ እጠርጋለሁ፤ አለዚያ አብሮ የሚገባው አሸዋ ነው። አዲሱ ግራሶ በአራቱም ጫፍ እስኪወጣ እገፋለሁ። ባንዱ ጫፍ እምቢ ካለ ያ ጫፍ ደርቋል ማለት ነውና ሳይሰበር መፈተሽ አለበት። ከናፍጣ ፊልትሮው ሥር ያለውንም ማፍሰሻ ላላ አድርጌ የተጠራቀመውን ውሃ አወርዳለሁ።

የፊት ጎማውን ሎክ፣ ማለትም በአራት ጎማ ለመንዳት የፊት ጎማውን ከአክሰሉ ጋር የሚያያይዘውን መቆለፊያ፣ ዓመት ሙሉ ሳይነኩ የሚነዱ ብዙ ናቸው። አምራቹ በወር ቢያንስ 16 ኪሎ ሜትር በአራት ጎማ መንዳት ይመክራል፤ የፊት ዲፈረንሻሉ ዘይት የሚዳረሰው ሲዞር ነውና። እኔ ይህን የማደርገው አሸዋ ላይ ነው፤ ደረቅ አስፋልት ላይ ማርሹን ያስጨንቃል።

የቫልቮቹንና የፒስተኖቹን እንቅስቃሴ የሚያስማማውን የታይሚንግ ቺንጋ ግን አልነካም። በ100,000 ኪሎ ሜትር መቀየር አለበት፤ ከተበጠሰ ቫልቭና ፒስተን ይጋጫሉ። ለእርሱ ጋራዥ እወስደዋለሁ፤ የቺንጋው ማስተካከያ ምልክቶች ልክ መግጠማቸውን ሳላይም ከአጠገቡ አልሄድም።