ሦስተኛው ጭልፋ

ለተማሪዎቼ ህንዳዊው የሒሳብ ሊቅ ራማኑጃን የታክሲው ሰውዬ ነው። እንግሊዛዊው የሒሳብ ሊቅ ሃርዲ ሊጠይቀው ሄዶ፣ የመጣሁበት ታክሲ ቁጥር 1729 ነው፣ ምንም የማይስብ ቁጥር ነው ይለዋል። ራማኑጃንም ወዲያው፣ የለም፣ በሁለት መንገድ የሁለት ኩቦች ድምር የሚሆን ትንሹ ቁጥር ነው አለው። የ12 እና የ1 ኩብ (12×12×12 + 1×1×1)፣ ወይም የ10 እና የ9። ልጆቹ ካልኩሌተር አውጥተው ያረጋግጣሉ፣ ይደነቃሉ። ራማኑጃን ይህን ያለው ታሞ አልጋ ላይ እያለ መሆኑን ግን ዘለን ነው የምንነግራቸው።

ስሪኒቫሳ ራማኑጃን ደቡብ ህንድ ውስጥ በ1887 ተወለደ (ዓመቶቹ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው)። ሒሳብ ላይ የሚደርስበት አልነበረም። ሌላውን ትምህርት ግን ዞር ብሎ አያየውም። በዚህ የተነሳ የኮሌጅ ስኮላርሺፑን አጣ፣ እዚያው ህንድ ዲግሪም ሳይዝ ቀረ። ማድራስ ወደብ ላይ በወር 30 ሩፒ እየተከፈለው በጸሐፊነት ሲሠራ፣ በ1913 መጀመሪያ ቀመሮቹን ጽፎ እንግሊዝ አገር ካምብሪጅ ዩኒቨርሲቲ ላለው ለሃርዲ ላከ። በ1914 እዚያው ካምብሪጅ፣ ትሪኒቲ ኮሌጅ ገባ።

ከዚህ በኋላ ያለው ብዙ ጊዜ እንደ ድል ይተረካል። እኔን ግን የሚይዘኝ ሒሳቡን አስቀምጦ ክፍሉ ሲገባ ያለው ሕይወቱ ነው።

ብራህሚን ነው፣ ከሂንዱዎች የካህናት ወገን፤ ሥጋ አይቀምስም። የኮሌጁን ወጥ ቤት ስላላመነው ክፍሉ ውስጥ ራሱ እያበሰለ ለብቻው ይበላል። እዚያ ሰው ከሰው የሚላመደው ደግሞ በማታው የጋራ ገበታ ነው። ገና ከመድረሱ የመጀመሪያው የዓለም ጦርነት ፈነዳ። ግቢው ባዶ ሆነ፣ የለመደው አትክልትም እንደ ልብ አይገኝም። ጾም በማያውቅ አገር ሁዳዴን የያዘ ሰው ይህ ሳይነገረው ይገባዋል።

ማሃላኖቢስ የሚባል ህንዳዊ ተማሪ አንድ ቀን ሊያየው ሄደ። ራማኑጃን ሌሊት እንደሚበርደው፣ ካፖርቱን ለብሶ እንደሚተኛ ነገረው። ማሃላኖቢስ መኝታ ቤት ገብቶ አየ። ብርድ ልብሶቹ አሉ። ጫፋቸው ፍራሹ ሥር ተወትፎ፣ ላያቸው ላይ የአልጋ ልብስ ተዘርግቷል። ራማኑጃን ገልጦ መግባት እንዳለበት አላወቀም፤ ከላይ ነበር የሚተኛው። ማሃላኖቢስ ገልጦ አሳየው። እዚህ ጋ ሁሌም አንጀቴ ይንሰፈሰፋል። ቀመሮቹን የሚመረምሩለት ታላላቅ ሊቃውንት ነበሩት። እንዴት አደርክ፣ በረደህ ወይ የሚለው ግን አልነበረም።

ከዚያ ደግሞ እራቱ አለ። ቻተርጂ የሚባል ወዳጁን ከነእጮኛው ጋበዘ። ራሱ ሠራ፣ ራሱ ጨለፈላቸው። በሉ፣ ደገሙ። ለሦስተኛ ጊዜ ሊጨልፍ ሲል በቃን አሉ። ራማኑጃን ከክፍሉ ወጣ። ቢጠብቁት፣ ቢጠብቁት አልመጣም። ከቀናት በኋላ ራማኑጃን ከኦክስፎርድ የላከው ቴሌግራም ለቻተርጂ ደረሰው፤ 5 ፓውንድ ላክልኝ የሚል።

ይህን የሊቅ አመል ነው ብሎ የሚያልፈው አለ። እኔ አልስማማም። «በሞቴ» እየተባለ ያደገ ሰው ነገሩ አይጠፋውም። ስንት ጊዜ ለብቻው ሲበላ የኖረ ሰው ገበታው ላይ እንግዳ አገኘ፣ እጁን ዘረጋ፣ እንቢ ተባለ። ሆድ ባሰው።

ሃርዲን አልወቅስም። ያለ እሱ ራማኑጃንን ማን ያውቀው ነበር? ግን ሃርዲ ራሱ በኋላ ጽፎታል፤ በየቀኑ ለማለት ይቻላል ግማሽ ደርዘን አዲስ ቀመር ይዞ የሚመጣን ሰው፣ የድሮዎቹን እንዴት አገኘሃቸው ብሎ መጠየቅ ትርጉም የለሽ መስሎት ነበር። በየቀኑ እየተገናኙ እንኳ በረደህ ወይ የሚለው አልነበረም ማለት ነው። ራማኑጃን በ1917 ታመመ። በ1918 ለንደን ውስጥ ባቡር ሐዲድ ላይ ራሱን ጣለ፣ ባቡሩ አጠገቡ ደርሶ ቆመ። የሮያል ሶሳይቲ፣ ማለትም የእንግሊዝ ታላቁ የሳይንስ ማኅበር፣ አባልነት የተሰጠው በዚያው ዓመት ነው።

ይህን ሁሉ የምጽፈው ያለ ምክንያት አይደለም። ዘንድሮ አንድ ተማሪ አለኝ። ጥያቄውን ሰሌዳ ላይ ጽፌ ሳልጨርስ መልሱን ያውቀዋል። ክፍሉ «ፕሮፌሰር» ይለዋል፤ በእረፍት ሰዓት ግን ፕሮፌሰርን ለኳስ የሚጠራው የለም። ሰሞኑን መምህራን ክፍል አንድ ሐሳብ ተነሳ፤ በሒሳብ ክፍለ ጊዜ ላይብረሪ ገብቶ ከበድ ያለ መጽሐፍ ለብቻው ይሥራ የሚል። ለእሱ በማሰብ ነው፣ አውቃለሁ። ተቃወምኩ። መጽሐፉን አሁኑኑ እንስጠው፣ እኔም ከትምህርት በኋላ አብሬው እቀመጣለሁ። ከዴስኩ ግን አናንሳው። አጠገቡ ያለው ልጅ እርሳስ ይዋሰው፣ ይቀልድበት፣ ይጣላው። እስካሁን አልተወሰነም፤ እኔም አልተውኩትም።

ጃናኪንም አስባታለሁ፣ የራማኑጃንን ሚስት። ሲሄድ ልጅ እግር ነበረች፣ እዚያው ህንድ ቀረች። በ1919 ታሞ ሲመለስ ያስታመመችው እሷ ናት። አጠገቤ ብትሆኚ ኖሮ አልታመምም ነበር ይላት እንደነበር ተናግራለች። በ1920፣ በ32 ዓመቱ ሞተ። እሷ ማድራስ ውስጥ ልብስ እየሰፋች ራሷን አስተዳደረች፣ እስከ 1994 ድረስም ኖረች።