85 ሺህ ብር የከፈልኩበት ዋስትና ደሴ አልደረሰም

ይህንን የምጽፈው መኪና ልትገዙ አዲስ አበባ ለምትሄዱ የደሴና የኮምቦልቻ ልጆች ነው። ዋጋ ተስማምታችሁ ካበቃችሁ በኋላ ሻጩ ከመሳቢያው አንድ ወረቀት ያወጣል፦ የስክሪን፣ የካሜራ፣ የሴንሰርና የቻርጀር ተጨማሪ ዋስትና። እኔ ፈረምኩ። ያኔ የሚነግረኝ ሰው ባገኝ ኖሮ ብዬ ዛሬም እቆጫለሁ።

ቤቴ ደሴ፣ ሥራዬ ኮምቦልቻ ነው። በ2016 ዓ.ም. የነዳጅ አውቶሞቢል ማስገባት ሲከለከል የእኛም ቤት ክርክር አበቃና በሰኔ የኤሌክትሪክ መኪና ገዛን። ክፍያው፣ ስም ማዛወሩ፣ ሰሌዳው፣ ኢንሹራንሱ ያለ ችግር አለቀ። መኪናዋን እወዳታለሁ። ጠዋት ወደ ኮምቦልቻ ስወርድ ቁልቁለቱ ራሱ ባትሪውን ስለሚመልስ፣ ከ20 ኪሎ ሜትር በላይ ነድቼ ፐርሰንቱ እምብዛም አይጎድልም። የሚበላው ማታ ዳገቱ ላይ ነው።

የሻጩ የራሱ ዋስትና ስድስት ወር ነበር። ወረቀቱ ሁለት ዓመት ይጨምራል፤ ዋጋው 85 ሺህ ብር። «እህቴ፣ የዚህ መኪና ነገሩ ሁሉ ኤሌክትሮኒክስ ነው። አንዲት ቦርድ ብትቃጠል የት ታገኚያለሽ?» አለኝ። ፈራሁ። ሂሳብ ሠራተኛ ነኝ፤ የመሥሪያ ቤቴን ውል መስመር በመስመር አንብቤ ነው የማሳልፈው። የራሴን ግን የመጀመሪያውን ገጽ ብቻ አየሁና ፈረምኩ። ከሁሉም በላይ የሚያበሳጨኝ ይኼ ነው።

ነሐሴ 2017 ዓ.ም. ነው። ማታ ዝናቡ እየወረደ መኪናዋ ግቢ ውስጥ ቻርጅ ላይ ነበረች። መብራት ሄደ፤ ከሃያ ደቂቃ በኋላ ተመለሰ። ሲመለስ የበረንዳው አምፖል ቦግ ብሎ ነጭ ሆነ፣ ከዚያ ጠፋ። ሮጬ ስወጣ የቻርጀሩ አረንጓዴ መብራት ቀይ ሆኗል። ነቅዬ ሰካሁ፣ ሌላ ሶኬት ሞከርኩ፣ የለም። ባትሪው 41 ፐርሰንት ላይ ቆሟል።

ጠዋት ለሻጩ ድርጅት ደወልኩ። «አምጪያት» አሉኝ። 400 ኪሎ ሜትር በ41 ፐርሰንት አይኬድም። ፈጣኑ የዲሲ ቻርጀር በመኪናዋ ውስጥ ያለውን ቻርጀር አልፎ በቀጥታ ባትሪውን ስለሚሞላ፣ እሱን ባገኝ እሄድ ነበር፤ ያኔ የማውቀው ግን አዲስ አበባ ያለውን ብቻ ነው። ባለሙያ ላኩልኝ ብል ውሉ ላይ የለም አሉ። ማጓጓዣ ትከፍላላችሁ ብል እሱም የለም። ሎቤድ፣ ማለትም መኪና ጭኖ የሚሄድ ትልቅ ተሽከርካሪ፣ በ55 ሺህ ብር ተከራየሁ። ከሾፌሩ አጠገብ ተቀምጬ በከሚሴ፣ በሸዋ ሮቢት፣ በጣርማበር ዋሻ አድርገን ስንወጣ የማስበው አንድ ነገር ነበር፦ ቢያንስ ጥገናው ተከፍሏል።

የሻጩ ጋራዥ ውስጥ ኮምፒውተር ሰክተው አነበቡት። ልጁ ቀና ብሎ ሳያየኝ «የመብራት መዋዠቅ ነው፤ አይሸፈንም» አለ። ገጽ 4ን ገልጦ አሳየኝ። እውነት ነው፣ ተጽፏል፦ ከኤሌክትሪክ ኃይል መዋዠቅ፣ ከመብረቅና ከውሃ የሚደርስ ጉዳት ሽፋን የለውም። እዚያው ቆሜ ጠየቅኩት፦ ታዲያ ቻርጀርን ሌላ ምን ያቃጥለዋል? ቻርጀር መኪናው ውስጥ ካሉት ዕቃዎች ሁሉ ከግድግዳ መብራት ጋር በቀጥታ የሚገናኘው እሱ ነው። ከመብራት የሚመጣውን ካወጣችሁት 85 ሺህ የተቀበላችሁት ለምኑ ነው? መልስ አልሰጠኝም፤ ኃላፊውን ጠራ።

ኃላፊው ደግሞ በዚያ ሰዓት መዋዠቅ እንዳልነበረ ከሰፈሬ መብራት ኃይል ቢሮ ደብዳቤ ካመጣሁ እንደሚያዩት ነገረኝ። ሥራ አስፈቅጄ ደሴ ተመለስኩና ጠየቅኩ። እዚያ ያገኘኋት ልጅ በትሕትና «እትዬ፣ መብራት የጠፋበትን ሰዓት እንጂ ያልዋዠቀበትን የሚመሰክር መዝገብ የለንም» አለችኝ። ልክ ናት። እንዲህ ያለ ደብዳቤ የትም አይጻፍም፤ የጠየቀኝም ሰውዬ ያውቀዋል።

በስልክ ይህን ስነግረው ነገሩን ቀየረው፦ «ለነገሩ የስክሪኑ ሶፍትዌር ተነክቷል፤ በዚያም ዋስትናው ተቋርጧል።» መኪናዋ ለቻይና ገበያ የተሠራች ስለሆነች ስክሪኗ በቻይንኛ ነበር። ወደ እንግሊዝኛ አስቀይሪው ያለኝ የራሱ ሻጭ ነው፣ ያውም በገዛሁ ቀን። የፋብሪካውም ዋስትና ከቻይና ውጭ አይሠራም። አምስት ሳምንት እንዲህ አለፈ። የቀረውን ጊዜ ገንዘብ መልሱልኝ ብዬ በጽሑፍ አመለከትኩ፤ እስከ ዛሬ መልስ የለም። ሙሉ ኢንሹራንስ አለኝም ብላችሁ አትጽናኑ፤ የኤሌክትሪክ ብልሽትን አይከፍልም፣ የሚከፍለው አደጋን ነው።

መኪናዋን አዲስ አበባ በዲሲ አስሞልቼ፣ ባዶውን የሚመለስ ሎቤድ በ30 ሺህ አግኝቼ አመጣኋት። ከዚያ ሰው የጠቆመኝ የኮምቦልቻ ኤሌክትሮኒክስ ጠጋኝ ጋ ሄድኩ። መጀመሪያ የ12 ቮልቱን ባትሪ ፈታ፣ የከፍተኛ ቮልቴጁን ማቋረጫ ነቀለ፣ ከዚያ ቁጭ ብሎ ጠበቀ። ለምን እንደሚጠብቅ ስጠይቀው ውስጡ የተጠራቀመው እስኪወርድ ነው አለኝ። ይህን ሳያደርግ እጁን የሚሰድ ሰው ካያችሁ መኪናችሁን ይዛችሁ ውጡ፤ እዚያ ውስጥ ያለው ገዳይ ቮልቴጅ ነው።

የአሉሚኒየሙን ሳጥን ሲከፍተው የተቃጠለ ሽታ ወጣ። መግቢያው ላይ አምስት ሳንቲም የምታክል ሰማያዊ ክብ ነገር ተሰንጥቃ ጠቁራለች። ቫሪስተር ትባላለች፤ ቮልቴጅ ሲንር ራሷ ተቃጥላ ሌላውን የምታድን ናት። አጠገቧ ፊውዙ ተበጥሷል፣ ከትራንዚስተሮቹ አንዱ እንደ ቆሎ ሽምብራ ፈንድቷል። ዋናው ቦርድ ደህና ነው። ዕቃ አስመጥቶ በአራተኛው ቀን ጨረሰ፤ 22 ሺህ ብር። ቀድሜ እሱ ጋ ብሄድ ኖሮ ያወጣሁት ይኼ ብቻ ነበር። ከዋስትናው ጋር በድምሩ 170 ሺህ ብር ያለ ጥቅም ወጣ።

«ፈቃድ ያለው ጋራዥ ብቻ» የሚለውን ምክር ስለዚህ አልቀበለውም። እኛ አገር ቻርጀር የሚያውቀው ቦርድ የሚጠግነው ልጅ ነው እንጂ ወረቀት ያለው አይደለም።

ልጁ ገንዘቡን ከመቀበሉ በፊት «ቤትሽ ኧርዝ አለው?» አለኝ። ኧርዝ ማለት አደገኛ ኤሌክትሪክን ወደ መሬት የሚያወርደው ሽቦ ነው፤ ይኑረው አይኑረው አላውቅም ነበር። ደሴ ሰኞ ገበያ አካባቢ የሚሠሩ አንድ አዛውንት ኤሌክትሪሺያን ይዤ መጣሁ። ሶኬቱን ለኩና አንገታቸውን ነቀነቁ፤ የኧርዙ ቀዳዳ ባዶ ነው፣ ሽቦው ከግድግዳው አልወጣም። «አብሽሪ ልጄ፣ በግማሽ ቀን የሚያልቅ ሥራ ነው» አሉኝ። የመዳብ ዘንግ መሬት ውስጥ ቀበሩ፣ ዙሪያውን ከሰልና ጨው ሞሉ፣ ለመኪናዋ ብቻ ከቆጣሪው የተለየ መስመር ሳቡ፣ እሱ ላይ ቮልቴጅ ፕሮቴክተር ገጠሙ። ቮልቴጅ ሲወጣ ሲወርድ ይቆርጣል፤ መብራት ሲመለስም ወዲያው አያስገባም፣ ሦስት ደቂቃ ይጠብቃል። የነሐሴውን ማታ ያመጣው ያ የመመለሻ ሰዓት ነበር። ሁሉም በ14 ሺህ ብር አለቀ።

ይህን ተጨማሪ ዋስትና አትግዙ ነው የምለው። ካልሆነ ሦስት ነገር በጽሑፍ ካልሰጣችሁኝ አልፈርምም በሉ፦ መዋዠቅ እንደሚሸፈን፣ ጥገናው ደሴ ወይም ኮምቦልቻ እንደሚሠራ ወይም ማጓጓዣው የእነሱ እንደሆነ፣ ቋንቋ ማስቀየር ዋስትና እንደማያቋርጥ። እኔ ኋላ ስጠይቅ አንዱም አልፈረመልኝም። ይልቅ በአዋጅ ቁጥር 813/2006 መሠረት ጉድለት ያለበት ዕቃ የገዛ ሸማች በ15 ቀን ውስጥ እንዲቀየርለት ወይም ገንዘቡ እንዲመለስለት መጠየቅ ይችላል። እነዚያን ቀናት አታባክኑ። ካሜራውን ማታም ቀንም፣ እያንዳንዱን ሴንሰር፣ ቻርጁን በቤትም በዲሲም ሞክሩ። ስክሪን ሲጠፋ፣ እንግዳ ማስጠንቀቂያ ሲደረደር ደግሞ ቦርድ ሄደ ብላችሁ አትደንግጡ፤ የእኔ ጥር ላይ እንዲያ ሲሆን የደከመችው ትንሿ የ12 ቮልት ባትሪ ነበረች።

ፕሮቴክተሩ ቮልቴጁን በቁጥር ያሳያል። ትናንት ማታ አንድ ሰዓት ላይ፣ ሰፈሩ ሁሉ ምጣድ ሲጥድ፣ 178 ይላል። ሌሊት ዘጠኝ ሰዓት ተነስቼ ሳየው 247 ነበር፤ ልጆቹ ተኝተዋል፣ መኪናዋ 83 ፐርሰንት ላይ ደርሳለች።