ጥፋቱ ፔዳሉ ላይ አልነበረም
ሦስት ሳምንት እንቅልፍ የነሳኝ የናፍጣ ፒክአፔ ችግር ዛሬ ተፈታ። ደስታዬን ለብቻዬ መያዝ አልቻልኩም።

ከደብረ ብርሃን ስመለስ ነው የጀመረው። ሸኖን እንዳለፍኩ፣ በ80 እየነዳሁ፣ መኪናው ይንገጫገጭ ጀመር። እግሬ ፔዳሉ ላይ ንቅንቅ አላለም። ሞተሩ ግን አንዴ ነዳጅ እንደተሰጠው፣ አንዴ እንደተነጠቀ ይሆናል። መሽቶ መብራት ሳበራ ባሰበት። አንድ ጋራዥ «የፔዳሉ ሴንሰር ሞቷል» ብሎ ቀየረልኝ። ችግሩ እንዳለ ቀጠለ። ሳይለኩ ዕቃ መቀየር በጣም ያናድደኛል።

ዛሬ አንድ አዛውንት የመኪና ኤሌክትሪሺያን ዘንድ ሄድኩ። ቁልፍ እንኳ ሳያነሱ ሞተሩን አስነስተው፣ የቮልት መለኪያ ቴስተራቸውን ኤሲ (ተለዋዋጭ ጅረት) ላይ አድርገው የባትሪውን ሁለት ጫፎች ነኩ። 0.8 ቮልት! ባትሪውን የሚሞላው ዲናሞ ጤነኛ ከሆነ ይሄ ቁጥር ከ0.1 ብዙም አያልፍም።

«ጋሼ፣ ይሄ ከፔዳሉ ጋር ምን አገናኘው?»

«ልጄ፣ ሴንሰሩ የሚናገረው በ5 ቮልት ውስጥ ነው። ዲናሞው አጠገቡ በተለዋዋጭ ጅረት ሲጮህ የሞተሩ ኮምፒውተር እግርህ የተንቀሳቀሰ ይመስለዋል።»

ሞተሩን አጥፍተው የዲናሞውን ሶኬት ነቀሉና «እስቲ ዞር ዞር በልበት» አሉኝ። በባትሪ ብቻ ነዳሁት። እንደ ውሃ ፈሰሰ! ልቤ ያኔ ነው ያረፈው።

ዲናሞው ሲፈታ ተለዋዋጩን ጅረት ወደ ቀጥተኛ ከሚቀይሩት ዳዮዶች አንዱ ተቃጥሏል። የማሳው (የኔጌቲቭ) ሽቦ ሻንሲው ላይ የሚታሰርበት ጫፍም አረንጓዴ ዝገት ለብሷል። ዳዮዱን ቀየሩ። ዝገቱን በብርጭቆ ወረቀት እስኪያበራ ፈገፈጉት። ቴስተሩ 0.03 አነበበ።

ማታ ሁሉንም መብራት አብርቼ ገባሁ። አንዴም አልተንገጫገጨም። ጋሼ፣ እጅዎ ይባረክ።