ስኳር ቀርቦለት ያልበላው ባክቴሪያ

ሰኞ ጠዋት አራት ኪሎ ላብራቶሪ ገብቼ ፍላስኩን ሳወጣ ያሰብኩትን ያህል አልደፈረሰም። ውስጡ ያለው ኢ. ኮላይ የሚባል ባክቴሪያ ነው፣ በ37 ዲግሪ ያደረ፤ ሲበዛ ፈሳሹ ይደፈርሳል። ስኳሩን፣ ማለትም ግሉኮሱን፣ አትረፍርፌ ሰጥቼዋለሁ፤ ናይትሮጅን የሚያገኝበትን አሞኒየም ግን ሆን ብዬ አሳንሻለሁ። ስኳሩን ስለካው አብዛኛው እንዳለ ነው። ደግሜ ለካሁ። ያው።

ማታ ለእናቴ ነገርኳት። የቡናዋን ስኳር እያማሰለች፣ «ስኳር ቀርቦለት ምነው አልበላ አለ?» አለችኝ። የኔም ጥያቄ ይኸው ነው።

ባለፈው ሳምንት ሰፈራችን የሚሠራ ሕንፃ በር ላይ ሲሚንቶ የጫነ መኪና ቆሞ አየሁ። ፎርማኑ አላስገባም አለ። «ብረቱ ሳይመጣ ሲሚንቶ የት አባቴ ላደርገው ነው?» ሲሚንቶ ዝም ብሎ ከተቀመጠ ይደርቃል። ስኳርም እንደዚያው ነው። ካርቦንና ጉልበት ይሰጣል፤ የፕሮቲን መገንቢያ የሆነውን አሚኖ አሲድ ለመሥራት ግን ሴሉ ናይትሮጅን ይፈልጋል። ፎስፌት (የፎስፈረስና የኦክስጅን ውህድ) የያዘ ስኳር ሴሉ ውስጥ ከተጠራቀመ ደግሞ ይጎዳዋል።

ታዲያ የባክቴሪያው ፎርማን ማን ነው?

ግሉኮስ ሲገባ በሩ ላይ ፎስፌት ይለጠፍበታል። ፎስፌቱ የሚደርሰው ከፕሮቲን ወደ ፕሮቲን በቅብብሎሽ ነው። ይህን ቅብብሎሽ ሳውል ሮዝማንና ባልደረቦቹ እ.ኤ.አ. በ1964 አሳወቁ። የመጀመሪያው ተቀባይ ኢንዛይም አንድ ይባላል።

አልፋ ኬቶግሉታሬት የሚባል ሞለኪውል ደግሞ አለ። ናይትሮጅን ሲያገኝ ግሉታሜት የተባለው አሚኖ አሲድ ይሆናል። ሲያጣ ይከማቻል። የተከማቸው ራሱ ሄዶ ኢንዛይም አንድን ያግደዋል። ቅብብሎሹ ይቀዘቅዛል፣ ስኳሩ ደጅ ይቀራል። ይህ የታተመው እ.ኤ.አ. በ2011 ነው፤ ሳነበው ከወንበሬ ተነሳሁ። አዲስ ጂን አልተከፈተም፣ አዲስ ፕሮቲን አልተሠራም። ብረት ያጣው ሥራ ራሱ በሩን ዘጋ! ናይትሮጅኑ ሲመለስም ማንም ትእዛዝ ሳይሰጥ ይከፈታል።

የኔ ፍላስክ ብቻውን ይህን አያረጋግጥም። እድገት ሲቆም ስኳር መውሰድም በሌላ ምክንያት ሊቀንስ ይችላል። ስለዚህ ማክሰኞ በአዲስ ፍላስክ ደገምኩት። መሃል ላይ አሞኒየም ጨመርኩና ቁጭ ብዬ እየቆየሁ ለካሁ። ስኳሩ መውረድ ጀመረ።

ለእናቴ ደወልኩላት። «በላ!» አልኳት።