ከሜሪላንድ እስከ ሳቢያን፦ የቤት መግዣውን ዶላር በባንክ ስናስገባ

እህቴ የምትኖረው ሜሪላንድ ነው። ለእናታችን ድሬዳዋ፣ ሳቢያን አካባቢ ቤት ልትገዛ ስትወስን፣ እዚህ ድሬ ያለሁት እኔ ስለሆንኩ የወረቀቱ ሥራ እኔ ላይ ወደቀ። ገንዘቡ በየወሩ ለአስቤዛ የምትልከው ዓይነት አልነበረም። እሱንማ ከስልኳ ትልከዋለች፣ ቡናዬን ሳልጨርስ ይደርሳል። እንዲህ ያሉ መተግበሪያዎች ግን የሚልኩት መጠን ገደብ አለው። የቤት መግዣ ሲሆን ከባንክ ወደ ባንክ መሄድ ግድ ነው።

ወሬው እንደተሰማ የመጣልኝ ምክር "በእጅ ይሻልሃል" የሚል ነበር። ታይዋን የሚባለው የድሬ ገበያ ሰው አለ፣ የታመነ ነው፣ ከባንክ አስበልጦ ይመነዝራል። አቦ፣ ይህን ያላለኝ የለም! ፈቃድ ካላቸው ባንኮችና የምንዛሪ ቢሮዎች ውጭ መመንዘር በሕግ የተከለከለ ነው። ሕጉ ባይኖርም እኔ አላደርገውም ነበር። ሰውየው ስልኩን ቢያጠፋ ለማን አቤት ይባላል? ቤቱ ሲገዛስ "ይህ ገንዘብ ከየት መጣ?" ለሚል ሰው ምን አሳያለሁ? ደግሞም ብሔራዊ ባንክ ሐምሌ 22 ቀን 2016 ምንዛሪውን ለገበያ ከለቀቀው ወዲህ ነገሩ እንደ ድሮው አይደለም። በባንክ 57 ብር አካባቢ የነበረው ዶላር በጥቂት ሳምንታት ውስጥ 100 ብርን አልፏል።

ስለዚህ ከዚራ ወዳለው ቅርንጫፍ ሄድኩና ለውጭ ምንዛሪ ሠራተኛዋ ነገሩን ከሀ እስከ ፐ ነገርኳት። ቶሎ የገባት ልጅ ነች። "ጋሼ፣ ገንዘቡ ከመላኩ በፊት እማማን ይዘዋቸው ይምጡ" አለችኝ። ምክንያቱን ያወቅኩት እናቴን ይዤ ስመለስ ነው። የእናቴ ስም በባንኩ መዝገብ ላይ በአንድ ዓይነት የእንግሊዝኛ ፊደል ተጽፏል፣ ፋይዳዋ ላይ ደግሞ በሌላ። አንዱ ጋ "አይ" ያለበት ቦታ ሌላው ጋ "ዋይ" ነው። የአያት ስምም ባንኩ ጋ አልነበረም። ለእኛ ይህ ምንም አይደለም። ውጭ አገር ላለ ኮምፒውተር ግን ሁለት የተለያዩ ሴቶች ናቸው። በትንሽ ገንዘብ ጊዜ የሚያልፍ ነገር በትልቁ ጊዜ ያስቆማል። ፋይዳዋን ተከትለው አስተካከሉላት። እናቴ ፊርማ በፊርማ ሲሆንባት "ይሄ ሁሉ ወረቀት ለገንዘብ ነው ለጋብቻ?" አለች።

በዚያው ቀን በእናቴ ስም የውጭ ምንዛሪ ሂሳብም ከፈትን። የ2016ቱ መመሪያ አገር ውስጥ ለሚኖር ሰውም፣ ገንዘቡ ከውጭ የተላከለት ከሆነ፣ ይህን ይፈቅዳል። ብዙ ሰው ግን አያውቀውም። በብር ሂሳብ ቢገባ ኖሮ በገባበት ቀን ተመን ተመንዝሮ ያልቅ ነበር። ቤት ሻጩ ደግሞ ገና የካርታ ጉዳይ እየጨረሰ ነበር። ዶላር ይጨምራል ብዬ ልቆምር አልነበረም፤ ውሉ ሳይፈረም እንዳይመነዘር ብቻ ነው የፈለግኩት። አንድ ነገር ግን ልብ በሉ፦ ገንዘቡ የገባበት ባንክ የሚመነዝረው በራሱ ተመን ነው፣ ተመኑም ከባንክ ባንክ ይለያያል። የሚወዳደረው እንግዲህ ከመላኩ በፊት ነው።

ለእህቴ የላክሁላት ሙሉ ስም፣ የሂሳብ ቁጥር፣ የቅርንጫፉ ስምና ባንኩ ለውጭ ባንኮች የሚታወቅበት ስዊፍት ኮድ ነው። ኮዱ 8 ወይም 11 ፊደልና ቁጥር ነው። የእሷ ባንክ ቅጽ አይባን የሚባለውን ዓለም አቀፍ የሂሳብ ቁጥር ጠየቃት። ኢትዮጵያ አይባን አትጠቀምም፤ የሂሳብ ቁጥሩ ይበቃል። የመንገድ ስምና የፖስታ ኮድም ጠየቃት። ድሬ ላይ የምን የመንገድ ስም? ቀበሌና የቤት ቁጥር ጻፈች፣ አለፈ።

መጀመሪያ 300 ዶላር ለመሞከሪያ ላከች። መጠኗ ሳይሸራረፍ ገባች። ከዚያ በኋላ ቀሪውን ከፋፍላ ትላከው የሚል ሐሳብ ከዘመድ መጣ፤ "ከ10,000 ዶላር በላይ ከሆነ መንግሥት ያያል" ብለው። ወሬው በከፊል እውነት ነው። አሜሪካ ውስጥ ባንክ ከ10,000 በላይ የሚያሳውቀው ጥሬ ገንዘብ ሲገባ ወይም ሲወጣ ነው። ከሪፖርቱ ለማምለጥ ብሎ ጥሬ ገንዘብ መቆራረጥ ደግሞ ገንዘቡ ንጹሕ ቢሆን እንኳ ራሱን የቻለ ወንጀል ነው። የእህቴ ገንዘብ ድሮም ባንክ ውስጥ ነበር። ሊደበቅ የሚገባው ነገር የለም። በዚያ ላይ በላከች ቁጥር የመላኪያ ክፍያ አለ። በአንድ ጊዜ ላከችው።

እና ቆመ።

በመጀመሪያ የራሷ ባንክ ያዘው። ደውለው "አስገድዶሽ የሚያስልክሽ ሰው አለ? ተቀባይዋን በአካል ታውቂያታለሽ?" ብለው ጠየቋት። "የወለደችኝ ናት" አለቻቸው። ለቀቁት። ቀጥሎ ደግሞ መሃል ላይ ጠፋ። እዚህ ጋ ነው የከዚራዋ ልጅ ያስተማረችኝ። ስዊፍት ገንዘብ አያጓጉዝም፣ መልእክት ነው የሚያስተላልፈው። የእህቴ ባንክ እኛ ባንክ ጋ ሂሳብ የለውም። ስለዚህ ሁለቱም ሂሳብ ያላቸው ሌላ ባንክ መሃል ይገባል። ያ ባንክም የራሱን ማጣሪያ ያደርጋል፣ የራሱንም ክፍያ ይቆርጣል።

እህቴ ከባንኳ የመልእክቱን ቅጂ ተቀብላ ላከችልኝ። ኤምቲ 103 ይሉታል፤ በባንኮች መካከል ከኅዳር 2018 ወዲህ አይኤስኦ 20022 በሚባለው አዲስ የመልእክት ዓይነት ተተክቷል። ልጅቷ አትማ እስክሪብቶ ይዛ መስመር በመስመር አሳየችኝ። 32ኤ ቀንና መጠን፣ 50 ላኪ፣ 59 ተቀባይ። 70 ላይ ስትደርስ ቆመች። የክፍያው ምክንያት የሚጻፍበት መስመር ነው። የዚያኛው ባንክ ሠራተኛ "ለቤተሰብ" ብቻ ብሎ አስገብቶታል። "ጋሼ፣ ይህን ለሚያህል ገንዘብ ይህ አይበቃም" አለችኝ። 71ኤ ላይ ደግሞ ባንኮቹ የሚቆርጡት ክፍያ የጋራ ተብሏል። ላኪዋ ሁሉንም እንድትከፍል አማራጭ ነበር።

መከታተያ ቁጥሩም እዚያው ላይ አለ፤ ሰረዞቹን ጨምሮ 36 ፊደልና ቁጥር። እሱን አስገብታ ገንዘቡ መሃል ያለው ባንክ ጋ መቀመጡን አየችው። ከእኛ በኩል ግን መግፋት አይቻልም፤ ማብራሪያ መላክ ያለበት የላኪው ባንክ ነው። የሰዓቱ ነገር ደግሞ አለ። እዚያ ባንክ ከጠዋቱ 3 ሰዓት ሲከፍት፣ በበጋቸው ጊዜ እንኳ ድሬ ላይ ከቀኑ 10 ሰዓት ነው። እዚህ ሊዘጋ ሲል እዚያ ይከፈታል። አንዲት ጥያቄና መልስ በዚህ ዓይነት ሁለት ቀን ትበላለች። የእነሱ በዓል አለ፣ የእኛም አለ፣ ቅዳሜና እሑድ አለ። ሻጩ በየምሽቱ ይደውላል። ይህን ቀድሜ ነግሬው ስለነበር ውሉን አላፈረሰም። ቀብድ ስትከፍሉ የክፍያውን ቀነ ገደብ ሰፋ አድርጋችሁ አጽፉ፣ በተለይ ገንዘቡ ገና ባሕር ማዶ ከሆነ።

እህቴ ባንኳ ሄዳ ምክንያቱን አስጻፈች፦ ድሬዳዋ ለእናቷ የመኖሪያ ቤት መግዣ። የቤቱን ረቂቅ ውልና የቁጠባዋን ማስረጃ አያያዘች። ከዚያ በኋላ ገባ። መሃል ያለው ባንክ 25 ዶላር ቆርጦለታል፤ ለዚህ አልተጣላንም።

ውሉ ሰነዶች ማረጋገጫ ፊት ሲፈረም ዶላሩን መነዘርን፣ ብሩም በቀጥታ ሻጩ ሂሳብ ገባ። በጆንያ ብር ተሸክሞ ባጃጅ ውስጥ መግባት ድሮ ቀረ። ከእያንዳንዱ ወረቀት ሁለት ሁለት ቅጂ አስነሥቼ አንዱን ለእህቴ ላክሁ። በአሜሪካ ሕግ እ.ኤ.አ. በ2025 ለአንድ ሰው ከ19,000 ዶላር በላይ በስጦታ የሰጠ ሰው ቅጽ 709 መሙላት አለበት። አብዛኛውን ጊዜ የሚከፈል ግብር የለውም፣ ማሳወቅ ብቻ ነው። የሂሳብ ባለሙያዋ ወረቀቶቹን እስከ ኤፕሪል 15 ትፈልጋቸዋለች።