ከሰሉን ከእኔ አርቁት!

እንቅልፍ ሊወስደኝ ሲል የአማቴ ድምፅ ይመጣብኛል። «አይዞህ ልጄ፣ ሰው ነህ።» ብርድ ልብሱን ፊቴ ላይ እጎትታለሁ።

ነገሩ የባትሪ ነው። መብራት በሄደ ቁጥር ከባትሪው ኃይል የሚሰጠን ኢንቨርተር ዜናውን እንኳ ሳያስጨርሰን መጮህ ይጀምራል። የጠራሁት ቴክኒሻን ክዳኑን ሳይከፍት «ሞቷል፣ ይቀየር» አለ። አዲሱ ባትሪ መኪናው ውስጥ ነበር፣ እንዴት ያለ አጋጣሚ ነው! እንዲህ ያለ ሰው ሐኪም ቢሆን ጉንፋን የያዘውን ሁሉ ያስቀብር ነበር።

ክዳኑን ራሴ ከፈትኩት። አሲዱ ከውሃ ምን ያህል እንደሚከብድ በሚያሳይ ሃይድሮሜትር ስለካ አንዱ ሴል፣ ማለትም አንዱ የባትሪው ክፍል፣ 1.250፣ ጎረቤቱ 1.190 አለኝ። በደንብ የሞላ 1.265 አካባቢ ያሳያል። ሁሌ በግማሽ የሚሞላ ባትሪ ውስጡ ባሉት የብረት ሳህኖች ላይ ሰልፌት የሚባል ቅርፊት ይጋገርበታል፣ ከባዱ አሲድም ታች ይዘቅጣል። መድኃኒቱ ኢኳላይዜሽን ነው፤ ሆን ብሎ ከልክ በላይ መሙላት። ከ14.4 ቮልት ወደ 15.5 ከፍ ሲደረግ ውስጡ ይንተከተካል፣ አሲዱ ይደባለቃል፣ የተጋገረውም መልቀቅ ይጀምራል። ይሄ ውሃ ለሚጨመርበት ባትሪ ብቻ ነው። ሌላውን ይገድለዋል።

በረንዳ ላይ አውጥቼ፣ ጓንትና መነፅር አድርጌ ጀመርኩ። አማቴ ከነእህቶቻቸው ሳሎን ቡና እየጠጡ ነው።

ባትሪ እንዲህ ሲሞላ ሃይድሮጂን ያወጣል። እሱ አይሸትም፣ እሳት ካገኘ ግን ይፈነዳል። የሚሸተው ከአሲዱ የሚመጣው ነው፤ ልክ የበሰበሰ እንቁላል። የበረንዳውን በር ከፍቼ ስገባ ሽታው ተከትሎኝ ገባ። ነጠላ ሁሉ አፍንጫ ላይ ወጣ። እኔ ዓይኔ ያረፈው በሩ ሥር ከሚግለው ፍም ላይ ነው።

«መስኮት ክፈቱ! ከሰሉን ከእኔ አርቁት! ጋዙ ይፈነዳል!»

ጸጥ አለ። የሚስቴ እህት ምድጃውን ብድግ አድርጋ ወደ ጓዳ ሮጠች። አንደኛዋ አክስት ሕፃኑን ከአጠገቤ አነሱት። ሌላዋ ጠረጴዛው ላይ የነበረውን ክብሪት ቀስ ብለው ቦርሳቸው ውስጥ ከተቱ። ክብሪቱን! አልተጫረም እኮ! ትልቋ ደግሞ አማተቡና ወንበራቸውን ወደ ግድግዳው አስጠጉ።

«ባትሪው ነው» አልኩ።

«አዎ ልጄ፣ ባትሪው ነው» አሉ አማቴ፣ ሕፃን በሚያባብሉበት ድምፅ።

«ሰልፈር ነው እኮ!»

«እሱን ከምን ጋር በላኸው?»

ሚስቴ ሁሉንም ታውቃለች። ጓንቱን የገዛችልኝ እሷ ናት። ትራስ አፏ ላይ አድርጋ ትስቃለች።

ማታ ሴሎቹ ሁሉ 1.260 ላይ ተስተካከሉ። ዲስትልድ ውሃ ጨመርኩላቸው። ማንም አልጠየቀኝም። በነጋታው ግን ከአማቴ ቤት አንድ ጆግ አብሽ ተላከልኝ፣ «በባዶ ሆድ ይጠጣው» ከሚል መልእክት ጋር። ሚስቴ «እንዳይቀየሙ ጠጣው» አለች።

ጠጣሁት። ሆዴ የተነፋው ያኔ ነው።