ገብስ ዘሪው መጋቢ

ከአርባ ምንጭ በላይ፣ ጨንቻ ደጋ ላይ፣ ለገጠር አገልጋዮች ሥልጠና ሰጥተን ተመለስን። አንድ መጋቢ የ6 ሰዓት መንገድ በእግሩ መጣ። ኮንጎ ጫማው ጭቃ በጭቃ ሆኗል፤ መጽሐፍ ቅዱሱን ግን ዝናብ እንዳይነካው በሁለት ፌስታል ጠቅልሎታል።

የመጀመሪያውን ቀን በአማርኛ አስተማርኩ። ሁሉም ራሱን ይነቀንቃል፣ የሚጠይቅ ግን የለም። እነሱ የሚሰብኩት በጋሞኛ ነው! በማግስቱ ማስታወሻዬን አጠፍኩና ማርቆስ 4ን፣ የዘሪውን ምሳሌ፣ በቋንቋችሁ ተርኩልኝ አልኳቸው።

ያ መጋቢ ተነሣ። ገብስ ዘሪ ነው። ጭንጫ ላይ የወደቀው ቡቃያ እንዴት እንደሚጠወልግ ጣቶቹን ቀስ አድርጎ እያጠፈ ሲያሳይ ቤቱ ጸጥ አለ። ቋንቋውን ባልሰማም ገባኝ።

አብዛኞቹ ደመወዝ የላቸውም። ቀን ማሳ ላይ ናቸው፣ ማታ ለቅሶ ቤት ያጽናናሉ። ሥልጠና ከአጨዳ ጋር መጋጨት የለበትም። የሚቀጥለውን ጊዜ ራሳቸው መረጡ፤ ገብሱ ከገባ በኋላ።